ጣና ደርቆ ነበር፤ ታዲያ ምን ይሁን?

ጉና ላይ የሚዘንብ ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ ለደብረ ታቦርና ለፋርጣ ልጆች ማስረዳት አያስፈልግም። በምዕራብ በኩል ያለውን ርብና ጉማራ ይዘውት ይወርዳሉ፤ ሁለቱም የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ ከጣና ደግሞ ዓባይ ይወጣል። በልጅነታችን ካርታ ስንሥል ይህን መስመር ዓይናችንን ጨፍነን እናወጣው ነበር።

ይህ መስመር ግን አንድ ጊዜ ተበጥሶ ነበር። ጣና ደርቆ ነበር። መቀነስ ወይም መሸሽ አይደለም፤ መድረቅ።

ወሬውን ሰምታችሁት ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው በክርክር መሃል ነው። አንዱ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲያወራ ሌላው ይነሳና «ባካችሁ ተዉን! ጣና እኮ መኪናም ፋብሪካም ሳይኖር ደርቆ ነበር። የአየር ንብረት ድሮም ሲለዋወጥ የኖረ ነው፤ የአሁኑም ያው ነው» ይላል። ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል፣ ክርክሩም እዚያው ያልቃል።

ይህ ሰው የተናገረው ውሸት አይደለም። ከአባባሉ ጀርባ አንድ እውነተኛ የጥናት ጽሑፍ አለ። ስለዚህ ዛሬ ሰውየውን ትተን ጽሑፉን እናውጣ፤ ጥንካሬውንም ድክመቱንም እንመዝን፤ ከዚያ ክርክሩ በእግሩ ይቆም እንደሆነ እንይ። የእኔን ሐሳብ አስቀድሜ ልናገር፦ ጽሑፉ ድንቅ ነው። ክርክሩ ግን ጽሑፉን አጋምሶ ያስቀመጠ ሰው ክርክር ነው።

ጭቃው ምን ይላል?

ጽሑፉ የወጣው በ2007 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ መጽሔቱ ኳተርነሪ ሳይንስ ሪቪውስ ይባላል። መሪ ጸሐፊው በዌልስ የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲው ሄንሪ ላምብ ናቸው። ከጸሐፊዎቹ መካከል ሁለት ኢትዮጵያውያን አሉ፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሐመድ ኡመር፣ እና በጣና ዓሣዎች ላይ ባደረጉት ምርምር የሚታወቁት እሸቴ ደጀን። ሙሐመድ ኡመር ዛሬ በሕይወት የሉም፤ የአገራችንን የጥንት አየር ንብረት ከሐይቅ ጭቃ ማንበብ የሚፈልግ ተማሪ ግን ሥራዎቻቸውን ሳያገኝ አያልፍም።

በመጀመሪያ ስለ ጣና አንድ ነገር እንያዝ። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጥልቅ ግን አይደለም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ ወደ 14 ሜትር ገደማ ነው። በትሪ ላይ እንደተደፋ ውሃ ቁጠሩት። ፀሐይና ነፋስ ደግሞ ከዚህ ትሪ ላይ በየዓመቱ ወደ 1.6 ሜትር ውሃ ያተናሉ። እስቲ 14ን ለ1.6 አካፍሉ። ዝናቡም ወንዙም አንድ ላይ ቢቋረጡ፣ ዓባይም ጠብታ ሳይወስድ፣ ሐይቁ አሥር ዓመት አይሞላም። እርግጥ ዝናብ እንዲያ ፈጽሞ አይቋረጥም፤ ሒሳቡ የሚያሳየው ጣና በየዓመቱ በሚመጣለት ክረምት የሚኖር ሐይቅ መሆኑን ነው። የቁጠባ ሒሳብ የለውም ማለት ይቻላል።

ተመራማሪዎቹ ከጀልባ ላይ ሆነው የድምፅ ሞገድ ወደ ሐይቁ ወለል ላኩ። ለቡሄ ጅራፍ ስታጮኹ ከማዶ ያለው ገደል ድምፁን መልሶ ያጮኸዋል አይደል? ልክ እንደዚያ። ድምፁ ለስላሳውን ጭቃ ሰንጥቆ ይሄድና ጠጠር ያለ ነገር ሲገጥመው ይመለሳል። ከጣና ወለል በታች ድምፅን አጥብቀው የሚመልሱ አራት ንብርብሮች ተገኙ። ቀጥሎ ቱቦ ወደ ጭቃው ሰድደው ደለሉን ሳይበተን፣ እንደ ሸንኮራ አገዳ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ አደረጉ። አሁን ድምፁን የመለሰውን ነገር በእጃቸው ያዙት ማለት ነው።

የላይኛው ንብርብር ድርቅ ያለ ደቃቅ አፈር ሆኖ ተገኘ። ጭቃ ውሃ ውስጥ ተኝቶ እንዲያ አይጠነክርም። በነሐሴ ጉልበት ድረስ የሚውጠውን የፎገራን ጥቁር አፈር በየካቲት ሄዳችሁ ብትረግጡት ልዩነቱ በእግራችሁ ይገባችኋል። ከዚህም በላይ፣ በሐይቁ ዳርቻ አካባቢ ያ ንብርብር ወንዝ በቆፈረው ቦይ ተሰነጣጥቋል። ወንዝ ደግሞ ሐይቅ ውስጥ ከገባ በኋላ ቦይ አይቆፍርም፤ የሚቆፍረው ደረቅ መሬት ላይ ሲሮጥ ነው።

ከደረቁ አፈር በላይ፣ ሐይቁ ዛሬ በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ ላይ የተገኘውን ነገር ባነበብኩት ቁጥር ይገርመኛል። በደንብ ያልበሰበሰ የረግረግ ተክል ቅሪት ነው፤ የደንገል ረግረግ። ደንገልን ታውቁታላችሁ፣ ታንኳ የሚሠራበት ነው። ዛሬ ታንኳ የሚንሳፈፍበት የሐይቁ መሃል ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ደንገል የሚበቅልበት ረግረግ ነበር!

በጭቃው ውስጥ ሌላም ምስክር አለ፤ ዲያቶም ይባላል። የመስታወት ቅርፊት ያለው፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ አልጌ ነው። አንዳንዱ ዝርያ ጥልቀት በሌለው ውሃ ተክል ላይ ተለጥፎ ይኖራል፤ አንዳንዱ ጨዋማ ውሃ ይወዳል። ሐይቁ እንደገና መሙላት ሲጀምር መውጫ አልነበረውምና በትነት የተነሳ ትንሽ ጨዋማ ሆነ፤ ጨው ወዳዶቹ ዲያቶሞች በረከቱ። ከዚያ ከ14,750 ዓመት በፊት እነዚህ በድንገት ጠፉ። ሐይቁ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ዓባይ ከጣና እንደገና ወጣ ማለት ነው። የነጭ ዓባይ ምንጭ የሆነው ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቆ ነበር፤ ሞልቶ የፈሰሰው ከ14,500 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ እስከዚያ ድረስ ታላቁ ናይል በሙሉ በክረምት ብቻ የሚፈስ፣ በበጋ የሚቆራረጥ ወንዝ ነበር ይላሉ።

እስከዚህ ድረስ ለጽሑፉ ያለኝ አድናቆት ሙሉ ነው። ድምፁ አንድ ነገር አለ፤ አፈሩ ሌላ መንገድ ሄዶ ያንኑ አለ፤ ዲያቶሙም እንዲሁ። እርስ በርስ ያልተመካከሩ ምስክሮች ቃላቸው ሲገጥም ማመን ይቀላል።

አትላንቲክ ከጉና ምን አለው?

ከባዱ ጥያቄ ለምን ደረቀ የሚለው ነው። ጽሑፉ ጣቱን የሚቀስረው ከእኛ በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ሰሜን አትላንቲክ ነው።

በ1988 ሃርትሙት ሃይንሪኽ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በሰሜን አትላንቲክ ወለል ደለል ውስጥ እዚያ መገኘት የሌለባቸውን ድንጋዮች መዘገበ። ድንጋይ አይዋኝም። ከየብስ ነቅሎ ያን ያህል ርቀት የሚያደርሰው የበረዶ ተራራ ብቻ ነው። በበረዶው ዘመን ሰሜን አሜሪካን የሸፈነው ግዙፍ የበረዶ ንጣፍ በየተወሰኑ ሺህ ዓመታት እየተናደ፣ ተራራ ተራራ የሚያህል በረዶ ወደ ውቅያኖሱ ይለቅ ነበር፤ በረዶው ሲቀልጥ ድንጋዩን እየጣለ። እነዚህ ክስተቶች በስሙ ይጠራሉ። የመጨረሻውና ለእኛ የሚመለከተን፣ አንደኛው የሃይንሪኽ ክስተት የሚባለው፣ ዓለም ከበረዶው ዘመን ወጥታ መሞቅ በጀመረችበት ወቅት የሆነ ነው።

የቀለጠ በረዶ ጨው የለውም። ለምን ይህ አስፈላጊ እንደሆነ በቤታችሁ ሞክሩት። በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨው በደንብ አሟሙ። ከዚያ የቀዘቀዘ ሻይ፣ ስኳር የሌለበት፣ በማንኪያ ጀርባ ላይ እያንጠባጠባችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩበት። ሻዩ ከላይ ይቀመጣል፤ ካላማሰላችሁት በቀር አይወርድም። ጨው ያለው ውሃ ከባድ ነው፣ ጨው የሌለው ቀላል ነው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አትላንቲክ ውስጥ ሞቃትና ጨዋማ ውሃ በላይ በላዩ ወደ ሰሜን ይጓዛል። እዚያ ሲደርስ ሙቀቱን ለአየሩ ይሰጥና ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛና ጨዋማ ሲሆን ይከብዳል፤ ሲከብድ ይሰምጣል፤ ከሥር ሆኖ ወደ ደቡብ ይመለሳል። አውሮፓ ከምትገባው በላይ የምትሞቀው በከፊል በዚህ ዝውውር ነው። አሁን በላዩ የቀለጠ በረዶ አፍስሱበት። እንደ ሻዩ ክዳን ይሆንበታል። የላይኛው ውሃ ጨው ስለሌለው ቢቀዘቅዝም አይሰምጥም፤ ዝውውሩ ይዳከማል። ጄሪ ማክማነስና ባልደረቦቹ በ2004 ከቤርሙዳ አካባቢ በወጣ የውቅያኖስ ደለል ኬሚስትሪ እንዳሳዩት፣ ከ17,500 ዓመት በፊት ገደማ ጀምሮ ይህ ዝውውር ሊቆም ምንም አልቀረውም ነበር።

ሙቀት ወደ ሰሜን መሄዱ ሲቀር ሰሜኑ ይቀዘቅዛል፣ ደቡቡ ይሞቃል። የሐሩር አካባቢ የዝናብ ቀበቶ ደግሞ ሁልጊዜ ወደሞቀው ወገን ያደላል። እኛ ክረምት የምንለው ያ ቀበቶ በሰኔ ወደ ሰሜን ወጥቶ እኛ ላይ ሲደርስ ነው። መድረስ ካቃተው ርብ ባዶ ነው፣ ጉማራ ባዶ ነው፤ ጣናም የቁጠባ ሒሳብ እንደሌለው ተናግሬያለሁ።

ያምራል፤ ቆንጆ ታሪክ ሲገጥማችሁ ግን ቆም ማለት ልመዱ። ጽሑፉ ስለ ጣናና ስለ አትላንቲክ የሚለው ሁለቱ በጊዜ ገጠሙ ነው። መግጠም ደግሞ ምክንያት ማለት አይደለም። የሬዲዮካርቦን ዕድሜ ሁሉ ከነ ስህተት ክልሉ ነው የሚመጣው፤ በዚያ ዘመን ላይ መቶ ሁለት መቶ ዓመት ወዲህና ወዲያ ማለት ቀላል ነው። ከ12,000 እና ከ8,000 ዓመት በፊት የነበሩትን ሁለት አነስተኛ የሐይቁን መሸሾችማ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው እርግጠኛ ባልሆነ ቃል ነው የጻፏቸው። የቀበቶው ታሪክም ብቻውን አይበቃም። ከርት ስቴገርና ባልደረቦቹ በ2011 ሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳሳዩት ያ ድርቅ ከአፍሪካ አልፎ እስከ እስያ የተዘረጋ ነበር፤ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ያሉ ቦታዎችም ደርቀዋል። ዝናቡ ወደ ደቡብ ሸሽቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደቡቡ ይረጥብ ነበር እንጂ አብሮ አይደርቅም ነበር። ስለዚህ የሐሩር ውቅያኖሶች፣ የሕንድ ውቅያኖስም ጭምር፣ ቀዝቅዘው የሚልኩት እርጥበት ራሱ ሳይቀንስ አልቀረም። ስለ አሠራሩ ክርክሩ አላለቀም። ስለ መድረቁ ግን ክርክር የለም።

የጎተራው በር

አሁን ወደ ተከራካሪያችን እንመለስ። «ድሮ ያለ ሰው ተለውጧል፤ ስለዚህ አሁንም ያለ ሰው ነው።»

አንድ ገበሬ ካቻምና ጎተራው በነቀዝ አለቀ እንበል። ዘንድሮም ጎተራው ባዶ ሆኖ አገኘው፤ በሩ ግን ተሰብሯል፣ እህሉም መንገዱን ይዞ ተንጠባጥቧል። «ካቻምናም እኮ ነቀዝ ነው የበላው» ብሎ የሚቀመጥ ገበሬ በፋርጣ አይገኝም። የካቻምናው ነቀዝ እውነት ነው። የዘንድሮን በር ግን ነቀዝ አይሰብርም። ጥያቄው የተሰበረ በር አለ ወይ የሚለው ነው።

አለ። የሚያስቀውም፣ በሩን የሚያሳየን መሣሪያ የጣናን ደንገል ዕድሜ የነገረን ያው መሣሪያ መሆኑ ነው።

ከጠፈር የሚመጣ ጨረር የላይኛውን አየር ሲመታ ካርቦን 14 የሚባል ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ይፈጥራል። ተክል ሲተነፍስ ይወስደዋል። ተክሉ ሲሞት አዲስ መውሰዱ ያቆማል፤ ያለው ደግሞ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። የቀረውን ለክተው ደንገሉ ስንት ዘመን እንደሞተ ያሰላሉ። ከ50,000 ዓመት በላይ ያለፈው ነገር ውስጥ ሊለካ የሚችል ካርቦን 14 አይቀርም። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ደግሞ በሚሊዮን በሚቆጠር ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው፤ ካርቦን 14 የላቸውም። ስለዚህ ከሰልና ነዳጅ በብዛት ሲቃጠል በአየሩ ውስጥ የካርቦን 14 ድርሻ መቅጠን አለበት፤ ወተት ላይ ውሃ እንደመጨመር። ሃንስ ዙስ የተባለ ኬሚስት በ1955 ይህን መቅጠን በዛፍ ቀለበቶች ውስጥ አገኘው። ከዚያ በኋላ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች አዲስ ካርቦን 14 ወደ አየር ረጭተው ልኬቱን ለጥቂት ዐሥርት ዓመታት አደፍርሰውት ነበር፤ ያ ጭማሪ እየጠፋ ሲሄድ መቅጠኑ ቀጥሏል።

እንግዲህ ተከራካሪያችን ምርጫ አለው። ሰዓቱን ካላመነ ጣና መቼ እንደደረቀ አያውቅም፤ ምሳሌው ከእጁ ይወጣል። ካመነ ደግሞ ያው ሰዓት አሁን በአየሩ ላይ የተጨመረው ካርቦን አሮጌ፣ ከመሬት ሆድ የወጣ እንደሆነ ይነግረዋል። ግማሹን ወስዶ ግማሹን መተው አይቻልም።

ከመካከላችሁ ጎበዝ የሆነ «ቆይ፣ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣውም ካርቦን እኮ አሮጌ ነው» እንደሚል አውቃለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በተለይ የቆማችሁበት መሬት እሳተ ገሞራ ስለሆነ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ እጅግ ብዙ ትኩስ ድንጋይ ፈስሶ ደጋውን ደራርቦ ሠርቶታል፤ ጉና ደግሞ ከዚያ በኋላ በላዩ የተጫነ ሌላ እሳተ ገሞራ ነው። ነገር ግን የእሳተ ገሞራ ካርቦን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። ከተክል የመጣ ካርቦን ከካርቦን 13 ይልቅ ካርቦን 12 ይበዛበታል፤ ከሰልና ነዳጅ ጥንት ተክልና አልጌ ስለነበሩ ይህ ምልክት አላቸው፤ በአየሩ ውስጥ የሚታየውም ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ ማቃጠል ኦክስጅን ይበላል፣ እሳተ ገሞራ ግን አይበላም። የአየሩ ኦክስጅን ደግሞ በጥቂቱ እየቀነሰ ነው፤ ይለካል። መጠኑም አይገናኝም፦ የዓለም እሳተ ገሞራዎች በሙሉ በዓመት የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰው ከሚለቀው አንድ በመቶ አይሞላም።

ፍጥነቱንም ተመልከቱ። በበረዶው ዘመን መጨረሻ፣ ጣናን ያደረቀውና መልሶ የሞላው ያ ሁሉ መተረማመስ ሲካሄድ፣ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሚሊዮን ሞለኪውል ውስጥ ከ190 ገደማ ወደ 270 ገደማ ከፍ ብሏል። ይህን ለማድረግ ወደ 7,000 ዓመት ፈጀበት። አሁን ከደብረ ታቦር ትንሽ ራመድ ብላችሁ ጋፋት ሂዱ። በ1860ዎቹ አፄ ቴዎድሮስ እዚያ ሴባስቶፖልን ሲያሠሩ አየሩ ውስጥ የነበረው 285 ገደማ ነው። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። የጋፋት ባለሙያዎች መድፉን አቅልጠው ካወጡት ወዲህ ባለው 160 ዓመት ውስጥ የተጨመረው፣ የበረዶው ዘመን በ7,000 ዓመት ከጨመረው ይበልጣል።

ከዚህ የባሰ ሙቀት ምድር አይታ አታውቅም የሚሉም አሉ፤ እነሱም ተሳስተዋል። ከ56 ሚሊዮን ዓመት በፊት ምድር በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ወደ 5 ዲግሪ ሞቃለች፤ ብዙ ካርቦን ወደ አየርና ወደ ውቅያኖስ ገብቶ የባሕሩ ውሃ አሲድነቱ ጨመረ፤ በጥልቁ ወለል የሚኖሩ ብዙ ጥቃቅን ፍጡሮች ጠፉ። ምድር ከዚያ ያገገመችው ከ100,000 ዓመት በላይ ወስዶባት ነው። በዚያን ጊዜ ካርቦኑ የገባበት ፍጥነት ግን በአንዳንድ ስሌት አሁን እኛ ከምንለቅበት አንድ አሥረኛ ያህል ነው። «ድሮም ሞቃ ነበር» ለሚል ሰው ይህ ማጽናኛ የሚሆንለት አይመስለኝም።

የሌላው ወገን ስህተት

ፍርዱን በአንድ ወገን ብቻ ብጥል ሐቀኛ አልሆንም። የጣና መድረቅ በሌላው ወገንም እየተጎተተ ነው። «የአትላንቲክ ዝውውር ሊቆም ነው፤ ጣና እንደገና ሊደርቅ ነው» የሚል ነገር ካያችሁ ረጋ በሉ።

በ2023 ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች ዝውውሩ በዚህ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ሊወድቅ እንደሚችል ጽፈው ዓለምን አነጋግረዋል። ስሌታቸው የተመሠረተው ግን ዝውውሩን በቀጥታ በመለካት ላይ ሳይሆን በሰሜን አትላንቲክ የገጽ ሙቀት ላይ ነው፤ ብዙ ባለሙያዎች በዚህ ነው የተቹት፤ ትችቱ ለእኔም ይገባኛል። በቀጥታ መለካት የተጀመረው በ2004 ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ሃያ ዓመት ትንሽ ነው። የመንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2021 ያለው ዝውውሩ በዚህ ክፍለ ዘመን መዳከሙ አይቀርም፣ እስከ 2100 በድንገት አይቆምም ብሎ ማመን ግን በመካከለኛ እርግጠኝነት ይቻላል ነው። መካከለኛ እርግጠኝነት ደግሞ እንቅልፍ የሚያስተኛ ቃል አይደለም። ሆኖም የዛሬው ዓለም የያኔው አይደለም። ሰሜን አሜሪካን የሸፈነው ያ የበረዶ ንጣፍ የለም፤ የቀረው ግሪንላንድ ነው። ዝውውሩ ቢዳከም የዝናብ ቀበቶው ወደ ደቡብ እንደሚያዘነብል ብዙ ሞዴሎች ያሳያሉ፤ ያ ማለት ግን የዛሬ 17,000 ዓመቱ ድርቅ ተገልብጦ ይመጣል ማለት አይደለም። አብሮ የሚመጣው ሙቀት በራሱ መንገድ ይጎትታል፤ አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ተን ይሸከማል፤ ሲጥል ደግሞ በአንዴ ይጥለዋል። የፎገራ ገበሬ ርብ ከአፉ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ ያውቃል።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ጣና በ2003 በጣም ሸሽቶ ጀልባዎች ለወራት መቆም ግድ ሆኖባቸው ነበር። ዝናቡ አንሶ ነበር፤ እውነት ነው። ግን በ1996 ዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ አለ፤ ሐይቁ ሲሸሽ ለኤሌክትሪክ ተብሎ ውሃ ይለቀቅ ነበር። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ዋሻ ከሐይቁ ውሃ ይወስዳል። በ2011 የታየው እምቦጭም ከሰው እጅና ወደ ሐይቁ ከሚገባው ማዳበሪያና አፈር ጋር የተያያዘ ነው። የጉና ተዳፋት ለገብስና ለድንች እየታረሰ ሽቅብ ሲወጣ፣ ጅብራውና አስታው ሲመነጠር፣ አፈሩ በጉማራ ተሸክሞ ጣና ሲገባ፣ ይህን ሁሉ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብሎ መጠቅለል ልክ እንደ መጀመሪያው ተከራካሪ መሆን ነው። እሱ ሰውን ከዓለም ጥፋት ነጻ ያወጣዋል፤ ይህኛው ደግሞ ከደጃፉ ጥፋት። ሁለቱም በሩን ሳያዩ ነው የሚፈርዱት።

ከዓመት ዓመት የክረምታችንን ዝናብ በዋናነት የሚያናውጠው በፓስፊክ ላይ የሚነሳው ኤልኒኞ መሆኑንም አትርሱ፤ በ2015 የደረሰው ድርቅ 10 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያንን ለእርዳታ ዳርጓል። የጋይንትና የእብናት ሰው ይህን በቁጥር ሳይሆን በጎተራው ያስታውሰዋል። ወደፊት የክረምቱ ዝናብ ይጨምር ይቀንስ እንደሆነ ሞዴሎቹ እስካሁን አልተስማሙም፤ ተስማምተዋል የሚላችሁን ሰው ከየት አመጣኸው በሉት።

ለመሆኑ ያን የድምፅ ምስል ታስታውሳላችሁ? አራት ንብርብሮች ነው የተገኙት። እስካሁን ያወራነው ስለ ላይኛው ብቻ ነው። ከሥሩ ሌሎች ሦስት አሉ፤ ጣና ከዚያም በፊት ደጋግሞ ደርቆ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ ከቀደሙት የሃይንሪኽ ክስተቶች ጋር ሊገጥሙ ይችላሉ ብለው በ«ይችላል» ትተውታል። በ2018 ላምብና ባልደረቦቻቸው ከጣና ደለል 150,000 ዓመት ወደኋላ የሚወስድ መዝገብ አሳትመዋል፤ ያኛው ጽሑፍ ትኩረቱ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ከአፍሪካ የወጡበት ጊዜ ላይ ነው። እሱን ደግሞ በሌላ ቀን እናወጣዋለን፤ እስከዚያ ሻዩን ሞክሩት።